ቀድሞ የሚናገረው ማን ነው? የአሜሪካ የፖሊስ ግድያ ክርክር ሲብራራ

ሜይ 25 ቀን 2020 ሌሊት የሚኒያፖሊስ ከተማ ፖሊስ አንድ አጭር መግለጫ አወጣ (እዚህ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ርእሱ አንድ ሰው ከፖሊስ ጋር በተገናኘበት ወቅት በገጠመው የጤና እክል መሞቱን የሚናገር ነበር። ዝርዝሩም ከዚያ አይርቅም። ፖሊሶች ፎርጅድ እየተፈጸመ ነው በሚል ጥቆማ ተጠርተው ሄዱ፤ በአርባዎቹ ዕድሜ የሚገኝ የሚመስለውን ተጠርጣሪ ከመኪናው እንዲወርድ አዘዙት፤ ከወረደ በኋላ ታገላቸው፤ በካቴና ካሰሩት በኋላ ሕመም እንደጠናበት አስተዋሉ፤ አምቡላንስ ጠሩ፤ ሰውየው ሆስፒታል ደርሶ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። በክስተቱ ማንም ምንም ዓይነት መሣሪያ አልተጠቀመም ሲል መግለጫው ያክላል።

ሰውየው ጆርጅ ፍሎይድ ነው። በመግለጫው ውስጥ ስለ ጉልበት የተጻፈ አንድም ቃል የለም። ዴሪክ ሾቪን የተባለው ፖሊስ የፍሎይድን አንገት ለ9 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ያህል በጉልበቱ ተጭኖት እንደነበር ዓለም ያወቀው፣ አንዲት የ17 ዓመት ልጃገረድ ከእግረኛ መንገድ ላይ ቆማ በስልኳ የቀረጸችውን ፌስቡክ ላይ ስለለጠፈችው ነው። ሾቪን በኤፕሪል 2021 በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ተባለ፤ 22 ዓመት ከ6 ወር እስራትም ተፈረደበት። መግለጫው የሚገርመው ዐይን ባወጣ ውሸት ስለተሞላ አይደለም። ዐረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ ብንይዛቸው ለአብዛኞቹ የሚሟገትላቸው ሰው አይጠፋም። የጠፋው አድራጊው ነው። ሰው ሞተ፣ ሕመም መጣ፣ አምቡላንስ ተጠራ፤ ያደረገ ግን የለም።

በአሜሪካ ፖሊስ በሚገድላቸው ሰዎች ላይ የሚነሣውን ክርክር ከሩቅ ለሚያየው ሰው ፖሊስን በሚወዱና በሚጠሉ ሁለት ጎራዎች መካከል የሚካሄድ ጠብ ይመስለዋል። እንደ እኔ አመለካከት የጠቡ ሥር ሌላ ቦታ ነው። አንድ ሰው በፖሊስ እጅ ሲሞት የሆነውን ቀድሞ የመናገር ዕድል ያለው፣ የገደለው ፖሊስ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰልፍ፣ ክስ፣ ቪዲዮ፣ አኃዝና የቴሌቪዥን ሙግት በአብዛኛው ያንን የመጀመሪያ ቃል ለመንቀል ወይም ለማጽናት የሚደረግ ትግል ነው።

ፖሊስ ቀድሞ የሚናገረው ግን ሁልጊዜ ስላሴረ አይደለም። የዜና ሥራ ራሱ ነው መንገዱን የሚጠርግለት። ተኩስ በተሰማ በሰዓታት ውስጥ በቦታው የተዘጋጀ ቃል አቀባይ ያለው ተቋም ፖሊስ ብቻ ነው። የዐይን ምስክሮች ተበትነዋል፣ ወይም በመርማሪዎች ተወስደዋል። ቤተሰብ ገና መርዶውን እየሰማ ነው። ጋዜጠኛው በበኩሉ የማለቂያ ሰዓት አለበት፤ ነገም ከነገ ወዲያም መረጃ የሚጠይቀው ያንኑ ቃል አቀባይ ነው። ሕጉም ወደዚያው ያዘነብላል። በብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ይፋዊ መግለጫን በትክክል የዘገበ ጋዜጣ፣ መግለጫው ኋላ ላይ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ከስም ማጥፋት ክስ ጥበቃ አለው። “ፖሊስ እንዳስታወቀው” የምትለዋ ሐረግ እንግዲህ ምንጭ ከመጥቀስም በላይ ታገለግላለች፤ ጋሻም ናት። በመንገድ ላይ ያገኙትን ምስክር ቃል ለሚያትሙ ግን ይህ ጋሻ የለም።

ይህ አሠራር እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ለማየት ቺካጎን ቀረብ ብሎ መመልከት ይበጃል። ኦክቶበር 20 ቀን 2014 ምሽት ላኳን ማክዶናልድ የተባለ የ17 ዓመት ወጣት ትንሽ ቢላ ይዞ በጎዳና ላይ ሲሄድ፣ ፖሊሶች በእግርና በመኪና እየተከታተሉት የኤሌክትሪክ ማደንዘዣ መሣሪያ የያዘ ባልደረባቸውን ይጠብቁ ነበር። ጄሰን ቫን ዳይክ የተባለ ፖሊስ ደርሶ ከመኪናው በወረደ በሰከንዶች ውስጥ ተኩስ ከፈተ፤ 16 ጥይት። በዚያው ሌሊት የፖሊሶች ማኅበር ቃል አቀባይ በቦታው ተገኝቶ፣ ወጣቱ ወደ ፖሊሶቹ እየመጣ እንደነበርና ተኳሹ ራሱን እንደተከላከለ ለጋዜጠኞች ነገራቸው። ማኅበሩ የሠራተኛ ማኅበር እንጂ መርማሪ አካል አይደለም፤ በማግስቱ የወጣው ዜና ግን በእሱ ቃል ላይ የቆመ ነበር። በቦታው የነበሩ ሌሎች ፖሊሶች የጻፉት ሪፖርትም ያንኑ የሚደግፍ ሆነ።

ነገሩ እዚያው ተዳፍኖ ሊቀር ይችል ነበር። ብዙዎቹ ተዳፍነው ቀርተዋል። ይህን ያነሣው በመጀመሪያ ጄሚ ካልቨን የተባለ ነፃ ጋዜጠኛ ያገኘው የአስከሬን ምርመራ ውጤት ነው። ሰነዱ ጥይቶቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ያስቀመጠ ነበር፤ ብዙዎቹም በጀርባና በጎን የገቡ ናቸው። የከተማው ምክር ቤት በኤፕሪል 2015፣ ቤተሰቡ ክስ ሳይመሠርት፣ 5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንዲከፈል አጸደቀ። ከንቲባ ራም ኢማኑኤል በድጋሚ የተመረጡት ከዚያ ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ነበር፤ ተቺዎቻቸው ይህን የቀናት መቀራረብ እስካሁን አይረሱትም። ከፖሊስ መኪና የተቀረጸው ቪዲዮ ግን አልወጣም፤ ምርመራ ይበላሻል ተባለ። ሌላ ነፃ ጋዜጠኛ፣ ብራንደን ስሚዝ፣ በመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት ከሰሰና አሸነፈ። ቪዲዮው ኖቬምበር 24 ቀን 2015 ይፋ ሆነ፤ ወጣቱ ከተገደለ ከ13 ወር በኋላ ማለት ነው። ዐቃቤ ሕግም ቫን ዳይክን የከሰሰው በዚያው ዕለት ነው። ለ13 ወር “እየተጣራ ነው” የተባለው ጉዳይ ፍርድ ቤት የወሰነው ቀነ ገደብ ሲደርስ በአንድ ቀን ተጣርቶ አደረ። ቪዲዮው ማክዶናልድ ከፖሊሶቹ ሸሸት እያለ በአግድም ሲራመድ ያሳያል።

ቀጥሎ የሆነው የታወቀ ነው። ሰልፈኞች በዓመቱ ትልቁ የገበያ ቀን የሚቺጋን ጎዳናን መደብሮች ዘጉ፤ የፖሊስ አዛዡ ተባረሩ፤ ዋና ዐቃቤ ሕጓ በቀጣዩ ማርች በፓርቲ ምርጫ ተሸነፉ። ቫን ዳይክ በ2018 በሁለተኛ ደረጃ ግድያና በ16 ከባድ ድብደባዎች፣ ለእያንዳንዱ ጥይት አንድ ማለት ነው፣ ጥፋተኛ ሆኖ 6 ዓመት ከ9 ወር ተፈረደበት። ሐሰተኛ ሪፖርት ጽፋችኋል ተብለው የተከሰሱት ሦስት ፖሊሶች ግን በነፃ ተለቀቁ።

እስካሁን ያልኩትን ብቻ የሰማ ሰው “እንግዲያው የፖሊስን ቃል ገልብጦ ማመን ነው” ሊል ይችላል። ፈርጉሰን እንዲህ ላለው አንባቢ ጥሩ መድኃኒት ናት። በኦገስት 2014 በሚዙሪ ግዛት በምትገኘው በዚህች ትንሽ ከተማ ዳረን ዊልሰን የተባለ ፖሊስ የ18 ዓመቱን ማይክል ብራውንን ገደለ። አስከሬኑ በበጋ ፀሐይ ለአራት ሰዓት ያህል መንገድ ላይ ቆየ። ብራውን እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ሳለ ተተኮሰበት የሚለው ወሬ በሰዓታት ውስጥ ተሰራጨ፤ በመላ አገሪቱ ሰልፈኞች እጃቸውን እያነሡ ወጡ። እዚህ ቀድሞ የተናገረው ጎዳናው ነበር ማለት ነው። በማርች 2015 የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር በአንድ ቀን ሁለት ሪፖርቶችን አወጣ። አንደኛው ዊልሰንን መክሰስ እንደማይቻልና እጁን አንሥቶ ነበር ያሉት ምስክሮች ቃል ከአካላዊው ማስረጃ ጋር እንደማይገጥም ደመደመ። ሁለተኛው የከተማው ፖሊስና ፍርድ ቤት ነዋሪውን፣ በተለይም ጥቁሩን፣ የቅጣት ገንዘብ ምንጭ አድርገውት እንደኖሩ ዘረዘረ። ከሕዝቡ 67 በመቶው ጥቁር በሆነባት ከተማ ከታሰሩት 93 በመቶዎቹ ጥቁሮች ነበሩ።

ሁለቱን ሪፖርቶች አንድ መሥሪያ ቤት ነው የጻፋቸው። ያም ሆኖ ግማሹ አሜሪካ አንደኛውን ብቻ፣ ሌላው ግማሽ ሁለተኛውን ብቻ ይጠቅሳል። ፈርጉሰንን ያቃጠላት የአንድ ቀን ተኩስ ብቻ እንዳልነበረ የሚገባው ግን ሁለቱን አብሮ ለሚያነብ ነው። ሕዝቡ ያንን ወሬ ያለ ማንገራገር የተቀበለው ከዚያች ከተማ ፖሊስ ጋር ያሳለፈው ኑሮ ወሬውን የሚመስል ስለነበረ ነው።

ወደ ፍርድ ቤት እንግባ፤ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ነው። ሕዝብ ቪዲዮ አይቶ የሚጠይቀው “መሞት ነበረበት ወይ?” ብሎ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ሌላ ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መለኪያ የመጣው በ1989 ከተወሰነው የግራሃምና የኮነር ጉዳይ ነው። ግራሃም የስኳር ሕመምተኛ ነበር። ስኳሩ ሲወርድበት ብርቱካን ጭማቂ ለመግዛት ወደ አንድ ሱቅ ገባ፤ ሰልፉ ረጅም መሆኑን አይቶ ፈጥኖ ወጣ። ይህን ያየ ፖሊስ ሌባ ጠርጥሮ አስቆመው፤ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ሰውየው እግሩ ተሰብሮ፣ ግንባሩ ቆስሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ ከዚህ ጉዳይ ተነሥቶ ያወጣው መለኪያ፣ የኃይል እርምጃ የሚመዘነው በቦታው በነበረ አስተዋይ ፖሊስ ዐይን እንጂ ከሆነ በኋላ በሚገኝ ዕውቀት አይደለም የሚል ነው። ስለዚህ ፖሊሱ ተሳስቶ ቢሆንስ? ስሕተቱ በዚያች ቅጽበት ሊገባ የሚችል ከነበረ ሕጉ ያልፈዋል። ሟቹ የያዘው ስልክ ሆኖ ቢገኝም፣ ሽጉጥ ይመስል ነበር ማለት ብዙ ጊዜ ያድናል። ከዚያ ቀደም በ1985 በቴነሲና ጋርነር ጉዳይ፣ አደጋ የማያስከትል ሸሺን ተኩሶ መጣል ክልክል መሆኑ ተወስኗል፤ “አደጋ የማያስከትል” የሚለውን የሚተረጉመው ግን ያው የቅጽበቱ ዐይን ነው።

ቅጽበቱ ከየት ይጀምራል የሚለውም ራሱን የቻለ ሙግት ነው። አንዳንድ ፍርድ ቤቶች ተኩሱ ከመፈጸሙ በፊት የነበሩትን ሁለት ሦስት ሰከንዶች ብቻ ያዩ ነበር፤ ፖሊሱ ራሱን ወደ አደጋው ያስገባበት መንገድ ከሥዕሉ ይወጣል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሜይ 2025 በባርንስና ፌሊክስ ጉዳይ ይህን አሠራር በሙሉ ድምፅ ውድቅ አድርጎ፣ ጠቅላላው ሁኔታ መታየት አለበት አለ። ለዜና አንባቢም የሚጠቅም ነጥብ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞር የ20 ሰከንድ ቪዲዮ የቱ ጋ እንደተቆረጠ የሚወስን ሰው፣ የተመልካቹን ፍርድ ግማሽ መንገድ አድርሶታል።

ሕጉ እንዲህ በመሆኑ በየዓመቱ ከሚከሰቱት ግድያዎች ፖሊሱ በወንጀል የሚከሰስባቸው እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ገንዘቡ ግን ይከፈላል፤ የሚኒያፖሊስ ከተማ ለፍሎይድ ቤተሰብ 27 ሚሊዮን ዶላር ከፍላለች። ይህ ገንዘብ እንደ ደንቡ ከፖሊሱ ኪስ አይወጣም፣ ከከተማው ነው። ከፖሊሱ ኪስ ለማስወጣት የሚሞክር ከሳሽ ደግሞ ቀድሞ የተወሰነ በጣም ተመሳሳይ ጉዳይ ካላቀረበ ክሱን የሚያስጥል የልዩ ከለላ ሕግ ይጠብቀዋል።

አኃዙስ? አሜሪካ ውስጥ ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ የሕግ አስከባሪ ተቋማት አሉ፤ የገደሉትን ሰው ቁጥር ለፌዴራል መንግሥት የሚያሳውቁት ለረጅም ጊዜ በፈቃዳቸው ነበር። ቁጥሩን አጥብቆ መያዝ የጀመሩት ጋዜጦች ናቸው። ዋሽንግተን ፖስት ከ2015 ጀምሮ ለአሥር ዓመት በፖሊስ ጥይት የሞቱትን መዘገበ፤ በየዓመቱ ወደ 1000 የሚጠጉ ናቸው። ጋርዲያን በሌላ መንገድ የሞቱትንም ጨምሮ ለ2015 1146 ቆጠረ። የኤፍ ቢ አይ መዝገብ ከዚህ ግማሹን እንኳ አይዝም ነበር፤ የያኔው ዳይሬክተር ጄምስ ኮሚም ይህ የሚያሳፍር መሆኑን በአደባባይ ተናግረዋል። በ2021 ዘ ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ ከ1980 እስከ 2018 በፖሊስ ከተገደሉት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአገሪቱ የሞት መዝገብ ላይ በሌላ ምክንያት የሞቱ ተብለው እንደተጻፉ ገምቷል። የሞት ምክንያት የሚሞላ ሐኪም ወይም ባለሥልጣን “በጥይት ተመትቶ” ብሎ “በፖሊስ” የሚለውን ከዘለለ፣ ሟቹ ከዚህ ቆጠራ ይወጣል።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላም ሰው አይስማማም፤ ምክንያቱ አካፋዩ ነው። በቁጥር ብቻ ካየን ከሟቾቹ መካከል ከሌላው ቡድን ሁሉ የሚበዙት ነጮች ናቸው። ከሕዝብ ብዛት ጋር ካነጻጸርን፣ ከሕዝቡ 13 በመቶ ገደማ የሆኑት ጥቁሮች ከሟቾቹ ሩብ ያህል ስለሆኑ፣ የመገደል መጠናቸው ከነጮቹ ከእጥፍ በላይ ነው። “አይ፣ መነጻጸር ያለበት ፖሊስ ካገኛቸው ሰዎች ጋር ነው” የሚሉም አሉ። በ2016 የሃርቫርዱ ኢኮኖሚስት ሮላንድ ፍራየር በዚህ መንገድ ሄዶ፣ በመገፍተርና በካቴና በማሰር ረገድ ጥቁሮች ላይ ግልጽ አድልዎ ቢያገኝም በጥይት ረገድ ግን ልዩነት አላገኘሁም አለ። ውጤቱ ብዙ ሰው አስደነገጠ፤ ለአንዳንዱም የክርክሩ መዝጊያ ሆነ። አልተዘጋም። በ2020 ኖክስ፣ ሎው እና ሙሞሎ የተባሉ ተመራማሪዎች የፖሊስ መዝገብ የሚጀምረው ፖሊስ ሰውየውን ካስቆመ በኋላ መሆኑን አስታወሱ። ፖሊስ ጥቁሮችን በትንሽ ምክንያት ጭምር የሚያስቆም ከሆነ፣ ያለ በቂ ምክንያት የቆመው ሰው ብዙ ጊዜ ያለ ተኩስ ስለሚሰናበት፣ መዝገቡ በእንዲህ ዓይነት ሰላማዊ ሰዎች ይሞላል፤ የተተኮሰባቸው ድርሻም አንሶ ይታያል። ራሱ አድልዎው አድልዎውን ይሸፍናል ማለት ነው። እኔን ይህ ክርክር ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ያሳምነኛል፤ ግን ከልብ የሚከራከር ሰው ፍራየርን በስድብ ሳይሆን በዚህ መንገድ ነው የሚመልሰው።

አሁን ወደ ሰልፉ። በ2020 በጋ በአሜሪካ ከ2000 በሚበልጡ ከተሞችና መንደሮች ሰልፍ ተደርጓል፤ በመጠይቅ ላይ የተመሠረቱ ግምቶች ከ15 እስከ 26 ሚሊዮን ሰው መሳተፉን ያመለክታሉ። ግጭቶችን የሚመዘግበው አክሌድ የተባለ ተቋም እንዳስቀመጠው ከ93 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሰልፎች ያለ ሁከት ተጠናቀዋል። በሌላ በኩል የመድን ኩባንያዎች የከፈሉት ኪሳራ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገምቷል፤ በአገሪቱ ታሪክ በሕዝባዊ ሁከት ከደረሰው ሁሉ የሚበልጥ። ሁለቱም እውነት ናቸው። በኦገስት፣ በዊስኮንሲን ግዛት በምትገኘው ኬኖሻ ከተማ አንድ የሲ ኤን ኤን ዘጋቢ ከሚነድ መኪና ፊት ቆሞ ሲዘግብ፣ ከስር “በአብዛኛው ሰላማዊ” የሚል ጽሑፍ ተነበበ፤ ያ ሥዕል ሚዲያን ለማይወዱ ሁሉ ለዓመታት መሣለቂያ ሆነ። መሣለቁ ተገቢ ነው። ግን በዚያው ሰሞን ከየከተማው የተላለፈውን ያየ ሰው የሚያውቀው ተቃራኒውን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሺዎች በሰላም ሲሄዱ ካሜራ የለም፤ ማታ አንድ ሱቅ ሲነድ ሦስት ካሜራ አለ።

ይህ የ2020 ፈጠራ አይደለም። በ1967 ዲትሮይት በሕዝባዊ ሁከት ስትቃጠል ጋዜጦች ኪሳራውን ከ200 እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር አደረሱት። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ያቋቋሙት የከርነር ኮሚሽን በቀጣዩ ዓመት ሲያጣራ ከፍተኛው ግምት 45 ሚሊዮን አካባቢ ነበር። ኮሚሽኑ ሌላም ነገር አየ፤ ጋዜጠኞች መረጃ የሚወስዱት በአብዛኛው ከፖሊስና ከባለሥልጣናት ነበር፣ የጥቁሮችን ሠፈርም የሚያውቁት እንደ እንግዳ ነበር።

የሁከት ሥዕል ዋጋ ያስከፍላል። የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪው ኦማር ዋሶ የ1960ዎቹን ሰልፎች መርምሮ፣ ሰላማዊዎቹ በተለይም ፖሊስ የደበደባቸው ለሲቪል መብት ድጋፍ እንዳስገኙ፣ ሁከት የተቀላቀለባቸው ግን በ1968 ነጭ መራጮችን ወደ ሪፐብሊካኑ ዕጩ ኒክሰን እንደገፉ አሳይቷል። አንባቢ ይህን ሰልፈኛን መውቀሻ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። እኔ ግን የካሜራው ምርጫ የምርጫ ሳጥን ድረስ እንደሚደርስ ማስረጃ አድርጌ ነው የማነበው፤ ሺህ ሰልፈኛ የማያውቀው አንድ ሰው መስኮት ሲሰብር፣ የማግስቱን ርእስ የሚወስነው እሱ ይሆናል።

በዚህ መሐል የብዙሃኑ አስተያየት ይጠፋል። በ2020 ጋሉፕ ባደረገው መጠይቅ ከጥቁር አሜሪካውያን 81 በመቶዎቹ ፖሊስ በሠፈራቸው አሁን ያለውን ያህል ወይም የበለጠ እንዲገኝ ይፈልጋሉ። ፍሎይድ በሞተባት ሚኒያፖሊስም በ2021 የፖሊስ መምሪያውን በሌላ ተቋም የመተካት ሐሳብ ለድምፅ ቀርቦ 56 በመቶው ተቃውሞታል። ቴሌቪዥኑ “ፖሊስ ይፍረስ” እና “ፖሊስ አይነካ” የሚሉ ሁለት እንግዶችን ፊት ለፊት ሲያስቀምጥ፣ ፖሊስ እንዲኖርና እንዳይገድለው የሚፈልገው ሰው ወንበር አያገኝም።

የመጀመሪያውን ቃል የመንጠቁ ትግል ግን ፍሬ አላጣም። ካሊፎርኒያ ከጁላይ 2019 ጀምሮ በሚሠራ ሕግ የከባድ ኃይል እርምጃ ቪዲዮ በ45 ቀን ውስጥ እንዲወጣ ታስገድዳለች፤ ምርመራ የሚያደናቅፍ ከሆነ የማዘግየት ቀዳዳ አለው። የቺካጎው 13 ወር ሲታሰብ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ግን ከሕጉ ቀድሞ ከ2018 ጀምሮ የራሱን መንገድ አበጅቷል። በእያንዳንዱ ከባድ ክስተት ላይ በሚገባ የተቀናበረ ቪዲዮ ያወጣል፤ መጀመሪያ የደንብ ልብስ የለበሰ መኮንን ያስተዋውቃል፣ የአስቸኳይ ጥሪው ድምፅ ይሰማል፣ ካርታ ይታያል፣ ከዚያ የካሜራው ቀረጻ ይመጣል፤ ተጠርጣሪው በእጁ የያዘው ነገር ካለ ሥዕሉ ቆሞ ይከበብለታል። ዜና ጣቢያዎች ብዙ ጊዜ ከዚያው ቆርጠው ያስተላልፋሉ። ያልተቆረጠውን ቀረጻ በሙሉ የሚፈልግ ጋዜጠኛ ጥያቄውን በጽሑፍ አስገብቶ መልስ ይጠብቃል፤ ከተከለከለም ብራንደን ስሚዝ ቺካጎ ላይ እንዳደረገው ይከስሳል።